ለወራጅ ውሃ የሰጠነው ሃይላንድ

ይድረስ ለምወድሽና ዘወትር ለማስብሽ እህቴ ለጥሩዬ፤

ከሁሉ በፊት እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? በገና ሰሞን በስልክ ያልሽኝ የወገብ ሕመም ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትዪ ይይዝሻል? የታጁራን ሙቀትስ ለመድሽው? አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አልለመድሁትም ስትዪ ኖረሻል፤ እኔም መጠየቄን አልተውሁም። የእንግዳ ማረፊያው ባለቤቶችስ እንደ ድሮው ደጎች ናቸው? እንግዶቹስ ወጥሽን ይበላሉ? በርበሬውን ቀንሺላቸው፤ የእኛን ምላስ በሰው ሁሉ አፍ ውስጥ አትፈልጊ።

እኛ አንቺ ከመጉደልሽ ሌላ የጎደለብን የለም፣ አምላክ ይመስገን። እናታችን ቁልቁለት ላይ ጉልበቷ ያስቸግራታል፤ አንደበቷ ግን እንደምታውቂው ነው፣ ምንም አልደከመም። ባለቤቴ መቅደስ አሁንም እዚያው ትምህርት ቤት ኅብረተሰብ ታስተምራለች፤ ከክፍል ስትወጣ ደግሞ እኔን ታስተምራለች። ልጃችን እየሩሳሌም ዘጠነኛ ክፍል ገባች፣ ቁመቷ እኔን ሊያክል ምን ቀረው። ቀይዋ ላም ወልዳለች። በልጉ ዘግይቶ ገባና ገብሱን የዘራነው ከልማዳችን ሁለት ሳምንት አሳልፈን ነው። ብርዱ ግን በሰዓቱ መጥቶ እስካሁን አልወጣም።

ደብዳቤሽን ሹፌሩ ፍቃዱ በጥር ማለቂያ አምጥቶ ሰጠኝ። በፖስታው ላይ «ለሞላልኝ ብቻ» ብለሽ ስለጻፍሽበት ሰውዬው መርዶ የያዘ መስሎት ዓይኔን ሳያይ ነው እጄ ላይ ያስቀመጠው። ከጭድ ክምሩ ጀርባ ሄጄ አነበብሁት። መልሱን ለምን በስልክ አልነገርኸኝም እንደምትዪ አውቃለሁ። እናታችን ስልክ ስታወራ ድምጹን እስከ መጨረሻው ከፍታ፣ ግቢውን በሙሉ ሰብስባ ነው፤ ይህ ደግሞ ግቢው የሚሰማው ነገር አልነበረም። ሌላም ምክንያት አለኝ። በስልክ ብነግርሽ ዝም ስትዪ እሰማሻለሁ፤ ያንን ዝምታ መስማት አልፈለግሁም።

የጻፍሽውን መልሼ ልንገርሽ፣ በትክክል ገብቶኝ እንደሆነ አንቺው ፍረጂ። የእንግዳ ማረፊያው ሠራተኞች በየሳምንቱ ባሕሩ ዳር ወጥታችሁ ሞገድ የተፋውን ቆሻሻ ትለቅማላችሁ። በኅዳር አንድ ጠዋት የባሕር ኤሊ ሞቶ አሸዋው ላይ አገኛችሁ፤ ጀርባው የሞሰብ ክዳን ያህላል አልሽ። ዓሣ አጥማጆቹ ሆዱን ሲከፍቱት ፌስታል፣ የሃይላንድ ክዳን፣ የመረብ ቁራጭና የተጠማዘዘ ክር ወጣ። ኤሊው ከሚበላቸው ነገሮች አንዱ አጥንት የሌለው፣ ውሃ ውስጥ እንደ ስስ ፌስታል የሚንሳፈፍ የባሕር ፍጥረት ነው፤ ፌስታሉን ሲያይ እሱ መስሎት ይውጠዋል። ሆዱ ይሞላል፣ የጠገበ ይመስለዋል፣ ከዚያ በረሃብ ይሞታል አልሽ። ይህችን ቦታ ሦስት ጊዜ አነበብኋት። ሆዱ ሞልቶ በረሃብ የሞተ ፍጥረት እስከ ዛሬ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ቀጥሎ ፈረንጆቹ ሊያዩት ስለሚመጡት ትልቅ ዓሣ ጻፍሽ። አውቶቡስ ያህላል፣ ጀርባው ነጠብጣብ ነው፣ ሰው አይነካም፤ አፉን ከፍቶ ውሃውን እያጣራ ስለሚበላ የተንሳፈፈውን ሁሉ አብሮ ያስገባል። ፕላስቲኩም ባሕር ውስጥ ቢቆይ አይበሰብስም፤ ፀሐይና ሞገድ ይሰባብሩታል እንጂ። እየደቀቀ የጤፍ ፍሬ ሲያክል ትንንሾቹ ዓሦች ይበሉታል፣ ትንንሾቹን ትልልቆቹ ይበሏቸዋል፣ ትልልቆቹን ደግሞ አንቺ ጠብሰሽ ለእንግዳ ታቀርቢያለሽ። እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። ፍቃዱ በስልኩ የቀዳውን አሳይቶኝ ነበር፣ ግን እሱ የቀዳው ሰማዩንና የራሱን ፊት ነው።

እዚህ ድረስ ስለ ሰው ጥፋት የምትጽፊ መስሎኝ ደህና አነበብሁ። ከዚያ ወደ ራሳችን መጣሽ። ከኤሊው ሁለት ሳምንት በኋላ አሸዋው ውስጥ ግማሽ ድረስ የተቀበረ ሃይላንድ አገኘሽ፤ አንገቱ ላይ ጥቁር ክር ታስሮበታል፣ ቋጠሮው የእናታችን ነው። እናታችን በየዓመቱ በጥቅምት አቦና በመጋቢት አቦ ጸበል ቀድታ፣ ክር አስራ፣ በፍቃዱ መኪና ትልክልሻለች። አንቺም ትጠጪዋለሽ፣ ፊትሽን ትታጠቢበታለሽ፣ ባዶውን ደግሞ በቤታችን ሥርዓት ለወራጅ ውሃ ትሰጫለሽ። አንቺ ያለሽበት ዓመቱን ሙሉ የሚወርድ ወንዝ ስለሌለ ለባሕሩ ሰጠሽ። በእጅሽ ያስገባሽውን ስትቆጥሪ ሃያ ሁለት ሆነብሽ። በኤሊው ሆድ ውስጥ የነበረው ክር እንደ እኛ ጥቁር ይሁን እንደ ዓሣ አጥማጆቹ መረብ ሰማያዊ ለማስታወስ እየሞከርሁ ሦስት ሌሊት አልተኛሁም አልሽ።

ያገኘሽውን ሃይላንድ አልጋሽ ራስጌ አቁመሽዋል። ወደ ባሕሩ እንዳትመልሺው ኤሊው ይታይሻል፤ ከቆሻሻ ጋር እንዳትጥዪው ጸበሉን ያረከስሽ ይመስልሻል፣ በእናታችን ጉልበት ላይ አንድ ነገር ይመጣል ብለሽ ትፈሪያለሽ። መምሬ ወልደተንሣኤን ጠይቅልኝ፣ እሳቸው የሚሉትን አደርጋለሁ ብለሽ ጨረስሽ።

እኔ ግን መልሱን ለማወቅ መምሬን መጠየቅ አላስፈለገኝም። ሥርዓቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

እንዲህ ነው የሆነው። አንቺ ስምንተኛ ክፍል ሳለሽ አባታችን የጸበሉ አገልጋይ፣ እኔ ደግሞ የእሱ ረዳት እንደነበርሁ ታስታውሻለሽ። ድሮ ሰው ጸበል የሚቀዳው በቅልና በጠርሙስ ነበር፤ ይዞ የመጣውን ዕቃ ይዞት ይመለሳል። ሃይላንድ ሲበዛ ግን እዚያው ጠጥቶ እዚያው መጣል መጣ። በዓሉ ባለፈ ማግስት ምንጩ ዙሪያ የወደቀውን እየለቀሙ በማዳበሪያ መሙላት፣ ያንን ገደል በጀርባ ተሸክሞ መውጣትና አናቱ ላይ ማቃጠል የእኔ ሥራ ሆነ። በ1997 ዓ.ም. በመጋቢት አቦ ማግስት አሥራ ሰባት ማዳበሪያ አወጣሁ። አሥራ ሰባተኛውን ሳወርድ አንገቴን ማዞር አልቻልሁም፤ እስከ ፋሲካ እንደዚያው ገትሬ ሰነበትሁ።

በዓመቱ ሰው ተሰልፎ ሲጠብቅ ምንጩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ወጣሁ። ድምጼን ከፍ አድርጌ፣ ጸበል የነካ ዕቃ ከቆሻሻ ጋር አይጣልም፣ በእሳትም አይቃጠልም፣ ለወራጅ ውሃ ይሰጣል አልሁ። ከማንም አልሰማሁትም፣ ከመጽሐፍም አላገኘሁትም። ያናገረኝ ጀርባዬ ነው። ሕዝቡ ግን እንዴት ደስ እንዳለው ብታዪ! ሁሉም ሃይላንዱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ተሳልሞ፣ ወደ ጅረቱ ይለቃል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ምንጩ ዙሪያ አንድም አልቀረም፤ ሁሉንም ወንዙ ይዞልኝ ወረደ።

አባታችን ከየት አመጣኸው ሲለኝ ከአንድ የገዳም አባት ሰማሁ ብዬ መለስሁለት። በማግስቱ በማኅበር ላይ፣ በሽማግሌዎቹ ሁሉ ፊት፣ ልጄ እኔ የማላውቀውን አውቆ አስተማረ ብሎ አመሰገነኝ። አባታችን በሰው ፊት ሲያመሰግነኝ ያ የመጀመሪያው ነበር፤ ሌላም አልተከተለውም። ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ ልመልሰው? በ2003 ሲያርፍ እውነት እንደሆነ እያመነ አረፈ።

ክሩን የጨመረችው እናታችን ናት። የዘይቱ ሃይላንድ ከጸበሉ ጋር እየተደባለቀ ቢያስቸግራት ለምልክት ጥቁር ክር አሰረችበት። በዓመቱ ጎረቤቶቻችን አሰሩ። በአራተኛው ዓመት ከደብረ ብርሃን የመጣች አንዲት ሴትዮ ክር የሌለው ሃይላንድ ወደ ጅረቱ ስለቅ አይታ፣ ሥርዓት አታውቅም እንዴ ብላ በሰው መሐል ገሠጸችኝ። እንዴት እንደሚታሰርም አሳየችኝ። አመስግኜ አሰርሁ። ነገሩ ከእኔ እጅ እንደወጣ የገባኝ ያን ዕለት ነው። አንቺም ወደ ታጁራ ስትሄጂ ይዘሽው ሄድሽ።

ደብዳቤሽን ለመቅደስ አነበብሁላት፣ ያልጻፍሽውንም የራሴን ነገርኋት። አልገረማትም፤ ካገባሁህ ጀምሮ ጠርጥሬ ነበር አለች። ከዚያ የትምህርት ቤቱን ካርታ አምጥታ፣ የእኛ ጅረት ወደ ከሰም፣ ከሰም ወደ አዋሽ፣ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ በአፋር በረሃ ሐይቅ ገብቶ እንደሚቀር በጣቷ እየተከተለች አሳየችኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ በጣም ደስ አለኝ። የእኔ ሃይላንድ አንድም ኤሊ አልነካም ማለት ነው ብዬ ሁለት ቀን በደህና በላሁ፣ በደህና ተኛሁ። በሦስተኛው ቀን መቅደስ የተማሪ ደብተር እያረመች፣ ቀናም ሳትል፣ ያንተ ባሕር አይደርስም፣ ጥሩዬ ግን ባሕሩ ላይ ናት አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ለመሆኑ ያንተ የት እንደሚደርስ ሄደህ አይተህ ታውቃለህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አላየሁም ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወንዙ ይዞት ሄደ ስል፣ የሄደ ነገር ሁሉ የጠፋ መስሎኝ ኖሬያለሁ።

በየካቲት ወደ አልዩ አምባ ገበያ ስወርድ መንገዱን ትቼ ወንዙን ተከተልሁ። ከከተማው ዝቅ ብሎ ጋሽ ሷሊህ የሚባሉ አርጎባ ሽማግሌ ወንዙን በቦይ ጠልፈው ሽንኩርትና ፓፓያ ያለማሉ። ከማሳቸው ጥግ በእሾህ አጥር የተከለለ፣ የሣር ክምር የሚያክል የሃይላንድ ቁልል አየሁ። አብዛኞቹ አንገታቸው ላይ ክር አለ፤ የአንዳንዱ ክር በፀሐይ ነጥቷል። ሰላምታ ሰጥቼ ምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ከእናንተ በዓል በኋላ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ጎርፉ እያመጣ ቦያችንን ይደፍነዋል፣ እኛም እያወጣን እዚህ እናኖረዋለን አሉኝ። ለምን አላቃጠላችሁትም ብላቸው እንደ ልጅ አዩኝ። ክር ታስሮበት እያየን? ወላሂ ይሄ የሃይማኖት ነገር ነው፣ የጎረቤት ነገር ነው፣ እንዴት አድርገን በእሳት እንነካዋለን አሉ። አጥሩን የሠሩት ደግሞ ከሦስት ዓመት በፊት አንዲት ፍየላቸው ገብታ ስታኝክ ክሩ አንጀቷ ላይ ተጠምጥሞ ከሞተች በኋላ ነው። እኛን ቅር እንዳይለን ብለው ለማንም አልተናገሩም።

ጥሩዬ፣ እዚያ ቦታ ላይ እንዳፈርሁ በዕድሜዬ አፍሬ አላውቅም። እኔ ላለመሸከም የፈጠርሁትን ነገር፣ ሃይማኖቱ ያልሆነ ሰው እሾህ አጥሮ፣ ፍየሉ ሞታበት፣ በአክብሮት ይጠብቅልኛል። እውነቱን መጀመሪያ የተናገርሁት ለመምሬም ለእናታችንም ሳይሆን ለጋሽ ሷሊህ ነው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና ጀርባህን አሞህ ነው አሉኝ። አዎ አልኋቸው። ሳቁ፤ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ከዚያ አላህ ይማርህ፣ ግን መጥተህ ውሰድልኝ አሉኝ።

ከዚያ ወደ መምሬ ወልደተንሣኤ ሄድሁ። እሳቸው እንደ ጋሽ ሷሊህ አልሳቁም። የተረፈ ጸበል ይጠጣል፣ ወይም እግር በማይረግጠው ንጹሕ ቦታ ይፈሳል፤ ስለ ሃይላንድ የሚል መጽሐፍ አላነበብሁም አሉ። እስካሁን ለምን ዝም አሉ ብላቸው ከአባትህ የመጣ መስሎኝ አሉኝ። ቀጥለውም፣ ሃይላንድ አቃጠልሁ ብሎ ሊናዘዝ የመጣብኝን ሁሉ ስግደት ስሰጠው ኖሬያለሁ፣ እሱን ስግደት አሁን ማን ይመልስለታል ብለው ራሳቸውን ያዙ። በበዓሉ ቀን እርስዎ ያውጁልኝ ብዬ ለመንኋቸው። እንቢ አሉ። ስትጀምረው አላማከርኸኝም፣ እዚያው ድንጋይ ላይ ወጥተህ አንተው ጨርሰው አሉኝ።

ምን እንደከበደኝ አንቺ ታውቂያለሽ፣ የዚያ ቤት ልጅ ነሽና። ከአባታችን ሞት ጀምሮ አገልጋዩ እኔ ነኝ። ስንት ቀን ልጠመቅ፣ ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ የታመመ ሕፃን ይዤ ልግባ ወይ እያለ ሰው የሚጠይቀው እኔን ነው፤ እኔም ከአባታችን የሰማሁትን እመልሳለሁ። አንዱን ዋሽቼ ነበር ካልሁ የቀረውን ማን ያምነኛል? የአባታችን ስም አብሮ ይነሳል። ከሁሉ ይልቅ ግን እናታችንን ፈራሁ። ክሩን በእጇ እየፈተለች፣ በጥርሷ እየበጠሰች፣ ሃያ ሁለት ጊዜ ለአንቺ ያሰረች እሷ ናት። ሳልነግራት በዓሉ ደረሰ። ይህ የእኔ ፈሪነት ነው፣ ሌላ ስም አልሰጠውም።

መጋቢት አምስት ቀን ሕዝቡ ከአምናው በዝቶ መጣ። ከመዘዞ የመጣ አለ፣ ከደብረ ብርሃን በአውቶቡስ የመጣ አለ፣ እዚያ ከተማ በመጠለያ ካሉት ተፈናቃዮች ልጆቻቸውን አዝለው የመጡ አሉ። ከቅዳሴ በኋላ ድንጋዩ ላይ ወጣሁ። ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ፤ መቅደስ አርማልኝ ነበር። አፌን ስከፍት ሁሉም ጠፋ። ሃይላንድ ለወራጅ ውሃ ይሰጣል ያልኋችሁ ከራሴ አውጥቼ ነው፣ ገደሉን ተሸክሜ መውጣት ደክሞኝ ነው፣ ዛሬ ይዛችሁ ውጡ አልሁ። እህቴ ያለችበት ባሕር ውስጥ አንድ ኤሊ ሞተ ብዬም ጨመርሁ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ኤሊውን ከየት እንዳመጣሁት ማንም አልገባውም።

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። አንዲት ባልቴት ይሄ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ነው፣ አንተ ማን ነህና ታስቀረዋለህ አሉኝ። በአያታቸው ጊዜ ሃይላንድ እንዳልነበረ ልነግራቸው ፈልጌ ተውሁት። ሌላው አገልጋዩ ራሱ አሞታል፣ ይጠመቅ አለ። ከዚያ ተሰልፈው ቀዱ፣ ጠጡ፣ ተሳለሙ፤ ግማሾቹ ይዘው ወጡ፣ ግማሾቹ እንደ ልማዳቸው ወደ ጅረቱ ለቀቁት። ምን ላድርግ? ሱሪዬን ጠቅልዬ ዝቅ ብዬ ውሃው ውስጥ ገባሁ። እነሱ ከላይ ይለቃሉ፣ እኔ ከታች እይዛለሁ፣ በማዳበሪያ እሞላለሁ። የውሃው ቅዝቃዜ እስከ አጥንት ይዘልቃል። ከሰው ፊት ላይ እንዳየሁት፣ ለእግዜር የተሰጠ ነገር የምሰርቅ ነበር የምመስላቸው።

እናታችን የመጣችው ያኔ ነው። እየሩሳሌም ደግፋት ጅረቱ ዳር ደረሰችና ተቀመጠች። በእጇ ለአንቺ የተቀዳው ሃይላንድ ነበር፣ ሙሉ ነው፣ ክሩም ታስሮበታል። ስናገር ከሰው መሐል ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ትረግመኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ቋጠሮውን በጥፍሯ መፍታት ጀመረች። አልፈታ ሲላት በጥርሷ ያዘችው። ብዙ ጊዜ ወሰደባት፤ ሰውም ሥራውን ትቶ ያያታል። ሲፈታላት ክሩን ጠቅልላ በመቀነቷ ቋጠረችና በእጇ ጠራችኝ። ከውሃው ወጥቼ ጎንበስ ስል ጸበሉን በሙሉ፣ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ፣ አናቴ ላይ አፈሰሰችው። ባዶውን ሃይላንድ ለእኔ ሰጠችኝ፣ እኔም ማዳበሪያው ውስጥ ጨመርሁት። ከእሷ በኋላ የመጡት አንዳንዶቹ ወደ ማዳበሪያው ጨመሩ፣ አንዳንዶቹ አሁንም ወደ ጅረቱ ለቀቁ። በአንድ ቀን ያመጣሁትን በአንድ ቀን አልመልሰውም። በማግስቱ ሃያ ሦስት ማዳበሪያ አወጣን፤ መምሬም ሁለት ተሸከሙ፣ ስለ ስግደቶቹ ነው ብለው። የጋሽ ሷሊህን ቁልል ደግሞ በሚመጣው ሳምንት አህያ ይዘን ሄደን እናነሳለን፤ ደብረ ብርሃን ፕላስቲክ የሚረከቡ ሰዎች አሉ ብሎኛል ፍቃዱ።

ስለዚህ እህቴ፣ የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። አልጋሽ ራስጌ ያቆምሽውን ሃይላንድ አንሺና ከቆሻሻው ጋር ጣዪው። ኃጢአት የለበትም። ካለበትም የእኔ ነው፣ መምሬም ጽፈህ ላክላት ብለውኛል። የእናታችን ጉልበት ከአንቺ ጋር የሚያያዘው ነገር የለም፤ ሰባ አራት ዓመት ገደል የወጣና የወረደ ጉልበት ነው። በኤሊው ሆድ ስለነበረው ክር ደግሞ ጥቁር ነበር ወይስ ሰማያዊ እያልሽ እንቅልፍሽን አትጪ። እኔ ጥቁር ነበር ብዬ ይዤዋለሁ፣ ለአንቺ ሰማያዊ ይሁንልሽ። ይቅር በዪኝ ማለት በጽሑፍ ቀላል ነው፤ ግን ከዚህ ሌላ መላኪያ የለኝም። ይቅር በዪኝ።

መቅደስ እጅግ አድርጋ ሰላም ትልሻለች፤ ስለ ባሕሩ የጻፍሽውን ሁለቱን ገጽ ለተማሪዎቿ አንብባላቸዋለች፣ የእኔን ታሪክ ዘልላ። እየሩሳሌም ትስምሻለች፤ ነጠብጣቡን ዓሣ በስልክሽ አንስተሽ ላኪልኝ ብላለች። መምሬ ወልደተንሣኤ እግዚአብሔር ይፍታሽ ይላሉ። ጋሽ ሷሊህም ሳታውቂያቸው ሰላም ብለውሻል፤ አውቶቡስ የሚያክል ዓሣ አለ ስላቸው አላመኑኝም፣ እንግዲህ ማንም የምለውን አያምንም። ፍቃዱ ደብዳቤውን ይዞልሽ ይመጣል። ሌላ የያዘልሽ ነገር የለም፤ ስታዪው እንዳትደነግጪ ብዬ ነው አስቀድሜ የምነግርሽ።

እናታችንን ለጥሩዬ ምን ብዬ ልጻፍላት አልኋት። ፖስታውን ላሽግ ስል፣ አሥራ አንድ ዓመት በሃይላንድ ላክሁላት፣ እሷም እዚያው ሆና ጠጣች፤ ከእንግዲህ አልልክም፣ ትምጣና ከምንጩ ትጠጣ በላት አለችኝ። ሌላ ሰላምታ አልጨመረችም።

ወንድምሽ ሞላልኝ
አንኮበር፣ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.